«ንጉሡ ይሰማል»

ልጅ ሳለሁ የሰማሁትን የንጉሥና የሸንጎ ጠብ በአደባባይ ላወራ ስነሣ፣ ነገሩ የመንግሥት ምስጢር ነውና ዘውዱንም፣ ሸንጎውንም፣ አንባቢንም በየማዕረጋቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያኔ ሀዋሳ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ኩራዙ ይለኮሳል፤ እናቴ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያመጣችው ቆሮሶ የተጠበሰበት ከሰል አመድ እየለበሰ ይቀላል፤ የዓሣውና የኩራዙ ጢስ ተጋብተው ዓይናችንን እያቃጠሉ፣ የእናቴ አክስት እትዬ ዘነበች ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተረት ይጀምራሉ። አባቴ «ተረት የልጅ ነው» ይላል፤ ወንበሩን ግን ጠጋ ያደርጋል።

የንጉሡን ተረት የሰማሁበት ምሽት ግን ቤቱ ኩርፊያ ላይ ነበር። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርና፣ ወደ አዲስ አበባ ልዛወር ብሎ ጠይቆ እንደተፈቀደለትና ጓዛችን በወሩ መጨረሻ እንደሚጫን ለእናቴ ያስታወቃት እራት ላይ ነው። እናቴ መሃል ከተማ ስንት ለፍታ የከፈተቻት ልብስ ስፌት ቤት ነበረቻት።

«አንድ ቃል እንኳ ሳትጠይቀኝ?» አለች።

«ተወስኗል» አለ አባቴ። ማን እንደወሰነ አልተገለጸም። የቢሮ አማርኛ እንዲህ ነው፤ ውሳኔው እንጂ ወሳኙ አይታይም።

እትዬ ዘነበች ምንም እንዳልሰማ ሰው ተረታቸውን ቀጠሉ። ተረቱ ከቤታችን ጋር ምንም ግንኙነት እንዳልነበረው ለመማል ዝግጁ ነኝ።

ንጉሥና ሸንጎ ተጣሉ አሉ። አንዱ በአዋጅ፣ ሌላው በክርክር ሲጓተቱ አገሩ ሳይታረስ ከረመ። በመጨረሻ አስታራቂዎች በሸንጎው በር ላይ «ሸንጎው ይመክራል፤ ንጉሡ ይሰማል» ብለው አስጻፉ። ሁለቱም አንብበው ደስ አላቸው፤ ተሳሳሙ። በማግስቱ ሸንጎው «ንጉሥ ሆይ፣ ጆሮዎን ይስጡን» ቢል፣ ንጉሡ «የምን ጆሮ? እኔ ስናገር እናንተ ልታዳምጡ አይደል የተጻፈው?» ብሎ ተቆጣ። ለካ «ሰ»ን ሸንጎው አላልቶ፣ ንጉሡ አጥብቆ ነው ያነበቡት። ሲላላ ንጉሡ አዳማጭ ነው፤ ሲጠብቅ ተደማጭ። ፊደላችን ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ከሁለቱም ወገን ጋር በሰላም ይኖራል።

«ታዲያ ማን ነበር ልክ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ንጉሡ ነዋ!» አለ ተረት የማይሰማው አባቴ። «ይጠብቃል።»

«ይላላል» አለች እናቴ።

«ይጠብቃል አልኩሽ!»

«ቆይ ልጨርስ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ ዘነበች ፍሙን እየቆሰቆሱ። «ንግሥቲቱ ምን አለችው? 'ጌታዬ፣ እስከ ዛሬ ጠብቆ ተነበበ፤ አገሩም ጦም አደረ። እስቲ ለአንድ ማታ ላልቶ ይነበብ።'»

ይሄኔ እናቴ «በል እንግዲህ፣ የአንተን ሰምተናል» ብላ ጀመረች፤ ስለ ደንበኞቿ፣ ስለ ትምህርት ቤታችን፣ አዲስ አበባ ስለሚጠብቀን የቤት ኪራይ፣ ብርድ ስለማይወደው ስለ አባቴ ጉልበት። አባቴ መሃል ላይ አፉን ሊከፍት ሲል እትዬ ዘነበች «እህ! ላልቷል!» አሉት። መልሶ ገጠመው። አባቴን ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም።

«ይህን ሁሉ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለ በመጨረሻ።

«መቼ ጠየቅከኝ?»

አባቴ ሳቁ አመለጠው። በሳምንቱ ዝውውሩን ተወው።

ዛሬ እዚሁ ሀዋሳ ሆኜ ማናቸውንም ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ አንዴ አጥብቄ፣ አንዴ አላልቼ። ከትልልቅ ሰዎች ጠብ ስንቱ በአንዲት ፊደል ላይ የቆመ ይሆን እያልኩ፣ ያን ያህልማ ከሆነ መታረቂያውም ሩቅ አይደለም እላለሁ። ሞኝነት ከሆነም ደስ የሚል ሞኝነት ነው።

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት። በተለይ ለአባቴ። ሀዋሳ የቀረነው እሱ አርቆ አስቦ እንደሆነ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራል፤ እናቴም ሻይ እየቀዳች «እውነቱን ነው» ትላለች።