የቀሩት ሦስት ትምህርቶች

እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልችልም። ቆሜ ነው የምበላው፤ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ “እሺ፣ ከዚያስ?” እላለሁ። እናቴ “ምጥ እንኳ እንዳንቺ አያጣድፍም” ትለኛለች። እንዲህ ዓይነቷን ችኩል ነው እንግዲህ ላሊበላ ላይ የአስጎብኚዎችን የኦንላይን ትምህርት መዝገብ ጠብቂ ብለው ያስቀመጡኝ።

ትምህርቱ አሥራ ሁለት ክፍል አለው። ፈቃድ የሚያሳድስ አስጎብኚ በስልኩ ይማራል፤ አሥራ ሁለቱን የጨረሰ አዲስ ባጅ ያገኛል፣ ባጅ የሌለው እንግዳ ይዞ አይገባም። ትምህርቱና የእኔ መዝገብ የሚግባቡበት ደንብ ደግሞ አለ፣ ስታንዳርድ ይሉታል። ተማሪው ሲከፍት ትምህርቱ “ጀመረ”፣ ሲያበቃ “ጨረሰ” ብሎ ይልካል። መዝገቡ ያወቀውን ካላወቀው አይለይም፤ የተላከለትን ይጽፋል፣ አለቀ። እኔ ራሴ ሥራውን ስይዝ አሥራ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት “አዎ፣ አዎ” እያልኩ ጨርሻቸዋለሁ።

ያንገበገቡኝ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያንን የሚያስጎበኙ አንድ የኔታ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዜማ አስተምረው፣ ድምፃቸው ሲደክም ወደ ማስጎብኘት የዞሩ ሰው ናቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ተምረዋል። መዝገቤ ላይ ግን አሥራ ሁለቱም “አልጨረሰም” ይላሉ። መዝገቡ ደግሞ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ያላደረግሁት የለም። ኔትወርኩን ጠርጥሬ ስልካቸውን ይዤ ጋሸና ከተማ ድረስ ሄድኩ፤ ከጭነት መኪናዎቹ መሃል ቆሜ ስልክ ወደ ሰማይ ስዘረጋ ሾፌሮቹ ሳቁብኝ። የድሮውን ስታንዳርድ አውጥቼ አዲሱን ጫንኩ። ያው “አልጨረሰም”! ደሜ ፈላ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ አስጠራኋቸው። “የኔታ፣ እስቲ ሲማሩ ልይዎት” አልኩ። መነጽራቸውን አስተካክለው አንዱን ክፍል እስከ መጨረሻው አነበቡ። የመጨረሻው ገጽ “ይህን ትምህርት ጨርሰዋል?” ብሎ ይጠይቃል። የኔታ ሳያመነቱ “አይ” የሚለውን ነኩ።

“በስመ አብ! ጨርሰው የለም እንዴ? ለምን አይ ይላሉ?”

ቀና ብለው አዩኝ። “ልጄ፣ እኛ ቤት ተማሪ ስለራሱ ጨረስኩ አይልም። መምህሩ ጠይቆ፣ አርሞ፣ ጨርሷል ብሎ ይመሰክርለታል። በዚህ ሽበቴ ስለራሴ ልመስክር?”

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። “አዎ ይበሉና እንገላገል!” ብላቸው “እንግዲያው መምህሯ አንቺ ነሽ፤ ጠይቂኝና አዎ የሚለውን አንቺው ንኪው” አሉ።

ምን ምርጫ አለኝ? የክፍሉን ርዕስ ስጠራ እሳቸው በቃላቸው ይወርዱታል፤ እኔ ከስክሪኑ ጋር አስተያያለሁ። አንድ ቃል አልሳቱም። ግን አይቸኩሉም! ዓይኔ ከሰዓቱ አይነቀልም። ዘጠነኛውን ሲጨርሱ ለአሥራ አንድ ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። የቀሩትን ሦስቱን ከፍቼ “አዎ፣ አዎ፣ አዎ” አልኩላቸው።

“ያልጠየቅሽኝን?” አሉ።

“ባጁ ይቅደም የኔታ!”

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ባጁ መጣ፣ ላክሁላቸው፣ ተገላገልኩ አልኩ።

በወሩ አንድ የባጃጅ ሾፌር “የኔታ እኮ እንግዳ አይዙም፤ ባጁን በመሐረብ ጠቅልለው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል” አለኝ። በዚህ ዕድሜያቸው ገቢያቸው ያው እንግዳ ነው። ተናድጄ በዚያው ባጃጅ ሄድኩ።

“ለምንድን ነው የማያጠልቁት?”

“ሦስት ይቀረኛል” አሉ። ቁጣም የለባቸው፣ ቅሬታም የለባቸው።

“እሺ፣ አሥረኛውን ይበሉኝ” ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም፤ ትምህርቱ አልከፈት አለ። እሳቸው ጀምረውታል። እኩሌታው ላይ ቆም ብለው “ይኸ ልክ ነው? እንዳትለቂኝ፣ ከሳትኩ አርሚኝ” አሉ።

“ልክ ነው” ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አቃተኝ። አፈርኩ።

“አላነበብኩትም የኔታ” አልኩ። “መዝገቡ ላይ ግን ጨርሻለሁ።”

ይቆጡኛል ስል በተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ጠጋ አሉልኝ። “እንግዲያውስ ተቀመጪ። እኔ እላለሁ፣ አንቺ ትከተያለሽ። ስታውቂው ያን ጊዜ ትጠይቂኛለሽ።”

ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋብኝ። ሂድ ብዬው ተቀመጥኩ።