የአሚ ዑስማን አውሮፕላኖች

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ከሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ ሽንኩርት ስለቅም አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። መንገድ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። አንዲት ሴት ልጇን ጎትታ ግድግዳ ሥር ገባች። እኔም ከነሰፌዴ ተነስቼ ወደ ውስጥ ዘለልኩ። ጦርነቱ ያስለመደን ነገር ነው፤ ሳናስብ እግራችን ይሮጣል። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤቴ ባለ ረክሻው፣ ባለ ባጃጁ ማለት ነው፣ አንገቱን አውጥቶ አየና፣ «የመንገደኛ ነው፣ ኸላስ፣ የመንገደኛ ነው» አለ። ሰዉ እየሳቀ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን የተበተነውን ሽንኩርት እንኳ ሳልሰበስብ ልቤ እስኪረጋ ቁጭ አልኩ። ሲረጋ ወደ ሐሳቤ የመጣው ቦምቡ አይደለም። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሽታ ነው፤ ከሽታው ጋር ደግሞ የቆየ ንዴቴ።

ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከወሎ፣ ከሐርቡ አካባቢ መጥቼ፣ አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ቤት እሠራ ነበር። አሚ ዑስማን እላቸዋለሁ፤ «አሚ» አጎቴ እንደማለት ነው፣ እዚህ በዕድሜ የገፋ ሰው እንዲያ ነው የሚጠራው። እሳቸውና ባለቤታቸው ሐጃ ፋጢማ ደግሞ ዘይነባ የሚለውን ስሜን አሳጥረው ዘይነብ ይሉኛል። ቤቱ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ የሞተር ድምፅ ጠዋት ማታ በጣሪያችን ላይ ያልፋል፤ አሚ ዑስማን ቀና ሳይሉ ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሆነ ይናገራሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ቀድሜ የምለው፣ ወረድ ብዬ ስናደድባቸው ማንም እንዳይሳሳት ነው።

በዚያ ዓመት የብርዱ ወራት ሲገባ አንድ ሐሳብ ያዛቸው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ካርቱም ያርፉ የነበሩትን አውሮፕላኖች በትንንሹ ሠርቶ በጡረተኞች ክበባቸው አዳራሽ ለሕዝብ ማሳየት። ባለ ድርብ ክንፍ የጦር አውሮፕላኖች፣ ፖስታ ያመላልስ የነበረ ባለ ሦስት ሞተር፣ ዓባይ ላይ እንደ ዳክዬ ተንሸራትቶ የሚያርፍ በራሪ ጀልባ። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው በካርቶን የታሸጉ የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎች ላከላቸው። ብቻዬን ብሠራው ምን ይረባል አሉና ሁለት የድሮ ጓደኞቻቸውን ጠሩ።

አንደኛው ኡስታዝ ሚርጋኒ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ ነጭ ጀላቢያቸው ላይ የቡና ጠብታ እንኳ የማይወዱ። ቀለም መቀባቱ ለእሳቸው ተሰጠ። ሁለተኛው ሐጅ ባቢከር ኦምዱርማን የሚኖሩ የድሮ የወንዝ መርከብ ካፒቴን ናቸው። በራሪ ጀልባዋ በካርቶን ስላልመጣች፣ «እሷን ለእኔ ተዉልኝ፣ በልጅነቴ ስታርፍ አይቻታለሁ፣ ከእንጨት እቀርጻታለሁ» አሉ።

የእኔ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። የታናሽ እህቴ የሰዓዳ ሠርግ ለግንቦት ተቆርጦ ነበር። እናታችን ስትሞት ሰዓዳ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ሂናዋን እኔ እንደምቀባት ቃል ገብቼላታለሁ። አገር ቤት ለመሄድ ግን ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ መታደስ አለበት፤ የመውጫ ወረቀትም ያስፈልገኛል። ለሁለቱም አሚ ዑስማን፣ አሠሪዬ ናቸውና፣ አብረውኝ የኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደው መፈረም ነበረባቸው።

«አሚ፣ የኢቃማዬ ነገርስ?» እላለሁ።

በመነጽራቸው በላይ ያዩኛል። «ቢቲ፣ ልጄ፣ ብቻ እነዚህ አውሮፕላኖች ይጠናቀቁ። በማግስቱ እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ።»

ታኅሣሥ ላይ ይህ መልስ አላስጨነቀኝም። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይሰበሰባሉ። እኔ ሻይ በወተትና ትኩስ ሊጌማት አቀርባለሁ፤ ስኳር የተነሰነሰበትን ድቡልቡል ሊጥ እየበሉ ያወራሉ። ያወራሉ እንጂ አይሠሩም። አንድ ዓርብ ሙሉ የጦር አውሮፕላኑ ቀለም ብርማ ነበር ወይስ ግራጫ ሲሉ ዋሉ። ሌላ ዓርብ በክንፎቹ መሀል የሚወጠረው ክር ስንት እንደሆነ ተጣሉ፤ እንደዚያ ሲጣሉ አሚ ዑስማን ባለማወቅ በተጣበቀው ክንፍ ላይ ተቀመጡበት። ሐጅ ባቢከር አንዳንዴ ጭራሹን አይመጡም። የካቲት ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ አንድም ያለቀ አውሮፕላን የለም።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆነን ሐጃ ፋጢማ፣ «ዑስማን ሞተር እንጂ ሰው ማስነሳት አይችልም። ለእነሱ ከተውሽው እህትሽ ልጅ ወልዳ ትጠብቅሻለች» አሉኝ።

ያን ዕለት ነገሩን በራሴ እጅ አስገባሁት። የየአውሮፕላኑን ቁርጥራጭ ለየብቻው ሳህን ላይ ደረደርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ስልክ እደውላለሁ። የሐጅ ባቢከር ስልክ ካልተነሳ ዓርብ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ኦምዱርማን ድረስ ሄጄ ከቤታቸው አመጣቸዋለሁ። ደንብም አወጣሁ፤ ክንፍ ሳይጣበቅ ሻይ የለም።

ኡስታዝ ሚርጋኒ ብሩሻቸውን አስቀምጠው፣ «ይቺ ልጅ ከድሮው ርእሰ መምህሬ ትብሳለች» አሉ።

«ርእሰ መምህርዎ እህት ይድሩ ነበር?» አልኳቸው። ብሩሻቸውን መልሰው አነሱ።

ሚያዝያ ላይ አብዛኞቹ ተገጣጥመው ብርማ ቀለም ተቀቡ። ሐጃ ፋጢማን የቀለሙ ሽታ ራስ ምታት ስላስያዛቸው በሳሎኑ መስኮት አጠገብ፣ መስኮቱ ተከፍቶ እንዲደርቁ አስቀመጥናቸው። ከአሱር ሶላት በኋላ ሐቡብ ተነሳ። ካርቱምን የማያውቅ ሰው የአቧራ ማዕበል ሲባል አይገባውም፤ ከተማው ላይ ቡናማ ግድግዳ ተራምዶ ሲመጣ ማለት ነው። ከጓሮ ልብስ ሰብስቤ እስክሮጥ ድረስ ሳሎኑ ጨልሟል። እርጥቡ ቀለም አቧራውን ጠጥቶ፣ አውሮፕላኖቹ ዱቄት ላይ የተንከባለለ ሊጥ መስለዋል። ኡስታዝ ሚርጋኒ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው እንደገና እስኪቀቧቸው ሚያዝያ አለቀ። «ከእንግዲህ እነዚህ አውሮፕላኖች ባሉበት መስኮት የሚከፍት ሰው ከእኔ ጋር አይነጋገርም» ብለው ማሉ።

በዚህ መሀል ሐጅ ባቢከር በራሪ ጀልባቸውን በሚስታቸው አሮጌ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች በሚለብሱት ረጅም ጨርቅ፣ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ሲገልጧት ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ሞላችው። ውብ ነበረች፤ ሆዷ የተላገ፣ ክንፏ ሰፊ። አሚ ዑስማን ግን ማስመሪያ አምጥተው ለኩና ፊታቸው ጠቆረ። አውሮፕላኖቹ ሁሉ ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ ማነስ ነበረባቸው፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ ትልቁ ከትንሹ እንዲለይ።

«ባቢከር፣ ይቺ ከልኩ እጥፍ ናት።»

«እንዲህ ነበር የምታክለው።»

«አንተ ትንሽ ልጅ ስለነበርክ ነው ትልቅ የመሰለችህ። እንደገና ሥራት።»

«እኔ ያየሁትን ነው የሠራሁት» አሉና ሐጅ ባቢከር ጀልባቸውን ጠቅልለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ መምጣት ተዉ። አሚ ዑስማን ደግሞ ያለ በራሪ ጀልባዋ ትርኢት የለም አሉ። እኔ መሀል ላይ ሆኜ ልፈነዳ ደረስኩ። ኦምዱርማን ሄጄ የሐጅ ባቢከር በር ላይ ቆምኩ።

«ሐጅ፣ እኔ ልክ የሚባለውን አላውቅም። እህቴ ልታገባ ነው። አውሮፕላኖቹ ካላለቁ ወረቀቴ አይፈረምም።»

«ይህን ማን ነገረኝ?» አሉና ጫማቸውን አጠለቁ። ጀልባዋ ለብቻዋ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ ተብሎ ታረቁ።

የትርኢቱ ቀን ግንቦት ውስጥ የዋለ ዓርብ ነበር። ሰዓዳ ልትዳር ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቷታል። «ነገ ጠዋት ቢሮ ነን» ብለውኛል አሚ ዑስማን፤ ሻንጣዬም ተሰናድቷል። አውሮፕላኖቹን በእሳቸው አሮጌ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ደረደርናቸው። በራሪ ጀልባዋ ቦታ ስላጣች ሐጅ ባቢከር ጭናቸው ላይ ይዘዋት ሄዱ። ክበቡ ስንደርስ አዳራሹ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ዘበኛ ለቅሶ ደርሶ ሊመጣ ሄዷል። ኡስታዝ ሚርጋኒ አቧራ እንዳይገባ የመኪናውን መስኮቶች አንድ በአንድ ዘጉ። ሁላችንም ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እንግዶችም መምጣት ጀመሩ። ከርከዴ ቀዳሁላቸው። ፀሐይዋ ምድጃ ሆና ነበር፤ ከመካከላችን ግን ስለ መኪናው ያሰበ የለም።

ዘበኛው መጥቶ አዳራሹ ሲከፈት አሚ ዑስማን የመኪናውን በር ሳብ አደረጉ። ከውስጥ የጋለ የቀለምና የማጣበቂያ ሽታ ወጣ። ክንፎቹ ሁሉ ወደ ታች ወርደዋል፣ ውሃ ያጣ ጎመን ይመስል። ባለ ሦስት ሞተሩ ወገቡ ተጣሞ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቋል። አሚ ዑስማን በሩን ቀስ አድርገው መልሰው ዘጉት።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ «ጀልባዋን እንኳ እናስገባ» አለ።

«ብቻዋን ምን ትሠራለች» አሉ ሐጅ ባቢከር፣ እንደ ሕፃን እንዳቀፏት።

በማግስቱ ጠዋት ለብሼ፣ ወረቀቶቼን በፌስታል ይዤ ግቢ ውስጥ ቆምኩ። አሚ ዑስማን አልወጡም። የሳሎኑን መጋረጃ ዘግተው ተኝተዋል። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ምግብ አስገባለሁ፣ እንዳለ አወጣለሁ። ሐጃ ፋጢማ፣ «ተዪው፣ አዝኗል» ይሉኛል። አባት የሞተበት ሰው እንኳ ለጉዳይ ይነሳል፣ ለፕላስቲክ እንዲህ መሆን ምንድነው እላለሁ። ደግሞ የጎበጠ ጀርባቸውን አይና እተወዋለሁ። እንዲህ ሳወጣ ሳወርድ ቀኑ ሄደ።

በመጨረሻ መጋረጃውን ገለጥኩት።

«አሚ፣ አውሮፕላኑ እንደገና ይሠራል። የሰዓዳ ሠርግ እንደገና አይሠራም።»

ቀና ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሠርጉ መቼ ነበር?»

ከታኅሣሥ ጀምሮ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ከሐቡቡም፣ ከልኩ ጠብም፣ ከተጣመመው ክንፍም ይልቅ ያንገበገበኝ ያ ጥያቄ ነው። «የፊታችን እሑድ» አልኩ። ፂማቸውን ሳይላጩ የመኪና ቁልፋቸውን አነሱ። ቢሮው ግን ነገ ተመለሱ አለን፣ ነገ ደግሞ ፈራሚው የለም። ወረቀቱ እጄ ሲገባ ሠርጉ ነገ ነበር። አውቶቡሱ ገና ድንበሩን ሳይሻገር ገዳሪፍ ሲደርስ፣ የሰዓዳን እጅ የጎረቤት ልጅ ሂና ቀብታ ጨርሳለች።

ባሏ ቤት ነው ያገኘኋት። የጣቶቿ ሂና መድመቁን ትቶ ብርቱካንማ ሆኗል። ለምን እንደቀረሁ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ሦስቱን ሽማግሌዎች፣ ክንፉን፣ ቀለሙን፣ መኪናውን። ስጨርስ ተነስታ በሩን ዘጋች። ከዚያ የቀሚሴን እጅጌ እስከ ክርኔ ሰበሰበችና ክንዴን አገላብጣ አየች።

«መትተውሽ ነው?»

«ኧረ ማንም አልነካኝም።»

«ቆልፈውብሽ ነበር?»

«ሰዓዳ፣ አውሮፕላን እየሠራን ነበር።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሺ እህቴ። ካልፈለግሽ አትንገሪኝ» አለችና አቀፈችኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ወደዚያው ቤት ተመለስኩ፤ ለሰዓዳ ይህ ጭራሽ የማይገባ ነገር ሆነባት። አሚ ዑስማን በሩን ከፍተውልኝ፣ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ «መጀመሪያ ኢቃማሽ» ብለው መኪና ውስጥ አስገቡኝ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቴን አንድ ቀን አላሳደሩትም። ስንመለስ ኡስታዝ ሚርጋኒና ሐጅ ባቢከር አዲስ ካርቶን ከፍተው፣ ስለ አንድ ጎማ ሲከራከሩ ደረስን። ያኛውንም አልጨረሱትም። ኡስታዝ ሚርጋኒ ሞቱ፣ ሌሎቹም በየተራ ተከተሉ። ጦርነቱ ሲመጣ እዚያ ቤት ለማልቀስ የቀረ ሽማግሌ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ፣ የመንገደኛው አውሮፕላን ካላክላ ላይ ካለፈ በኋላ፣ ለሰዓዳ ደወልኩላት። ዛሬ እሷም ልጆቿን ድራለች። ሰዉ እንዴት እንደሮጠ አውርቼላት ተሳሳቅን። እንደገና የአሚ ዑስማንን ነገር አነሳሁባት፤ ለምን እንደማልተወው አላውቅም። ለአንድ ሰው እውነቱን ተናግሮ አለመታመን ውሸት ተናግሮ ከመያዝ ይከፋል። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠችኝና፣ «እሺ እህቴ፣ አልፏል እኮ፣ አላህ ይይላቸው» አለች፣ ለታመመ ሰው በሚባል ለስላሳ ድምፅ። ስልኩን ዘግቼ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ። እነዚያ ሦስት ሽማግሌዎች በዚህ ዓለም ላይ ከእኔ በቀር የሚከራከርላቸው ሰው የለም፤ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ እንደተናደድኩባቸው ነኝ።