በበርጫ ሰዓት የምትጮኸው ድመት

ድመቷ እንድትሄድ የተፈረደባት ማክሰኞ ዕለት ነው። ፈራጁ አከራዬ ናቸው፤ ጊቢው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣም ነበር፤ በአፍ አልታማም። እሳቸው ግን ክፍሌ በር ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ «ልጄ፣ አንቺን ውጪ አላልኩም። ለእሷ ግን ሌላ ቤት እንፈልግላት። ወላሂ፣ አረፍ የምልባት የከሰዓቷ ሰዓት ብቻ ናት የቀረችኝ» አሉኝ። ለእንዲህ ያለ ልመና ምን ይመለሳል? እሺ ብዬ በሩን ገርበብ አደረግሁና ድመቷ ላይ አፈጠጥኩባት። እሷ መዳፏን ትልሳለች፤ ነገሩ የጎረቤት ጉዳይ ሳይመስላት አልቀረም።

የምኖረው ጭሮ ነው፤ የእናቴ እኩዮች ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚሏት። ከአስፋልቱ ወደ ላይ በሚወጣው ኮረኮንች ዳር፣ ሐጂ ጊቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። ሺቲ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የመጣልኝን ሁሉ። የምሰፋበት ባለ ፔዳል መኪና የእናቴ ነው። እናቴ ገለምሶ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ ኖራ ባለፈው ዓመት ስታርፍ፣ እኔና ወንድሞቼ የቤቷን ዕቃ ተካፈልን። ለእኔ መኪናውና ድመቷ ደረሱኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም የተሻማኝ ሰው አልነበረም፤ መኪናው አሮጌ ነው፣ ድመቷም ብትሆን ልጅ አይደለችም። ነጭ ናት፤ ዓይኖቿ ሰማያዊ ናቸው። ስም የላትም። እናቴ በስም ስትጠራት ሰምቼ አላውቅም፣ እኔም ከእናቴ በላይ ልወቅ ብዬ ስም አላወጣሁላትም። ከእናቴ ቤት ነፍስ ካለው ነገር የቀረችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች ግን እወዳታለሁ። ስትጮህ እንኳ እወዳታለሁ፤ ይህን ለጊቢው ሰው አልናገርም እንጂ።

ጩኸቷ የተለመደው የድመት ሚያው ሚያው አይደለም። ከሆዷ የሚወጣ፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚጠማዘዝ ነው፤ ለቅሶ ቤት ያለ ያስመስላል። ያ ብቻ ቢሆን ሰው በቻለው። እሷ የምትጮኸው ግን በበርጫ ሰዓት ነው። የጭሮን ከሰዓት በኋላ ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ከምሳ በኋላ ከተማው ይረግባል። ሰው ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ወሬው ይደምቃል፣ ሳቁ ይከተላል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም በየሐሳቡ ይገባና ሳሎኑ ጸጥ ይላል። ያን ጸጥታ የሚያደፈርስ ሰው ነውረኛ ነው። እኔ ደግሞ ከሐጂ ሳሎን ጋር ግድግዳ እጋራለሁ። ቤቱን ስከራይ የተነገረኝ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ በበርጫ ሰዓት የስፌት መኪና አይነዳም። ሕጉን አክብሬ፣ ምሳዬን እንደበላሁ መኪናውን አቆምና የሚተከል ቁልፍ፣ የሚዘመዘም እጅጌ ይዤ ከጊቢው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከሐጂ ባለቤት ጋር ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ድመቷ ከመኪናው ሥር ተኝታ ትቀራለች። ሳሎኑ ጸጥ ማለት ሲጀምር እሷ ትጀምራለች።

በርጫ ላይ ደግሞ መላ የማይመታለት ነገር የለም። አንዱ እንግዳ ርቧት ነው ብሎ ቅንጥብጣቢ ሥጋ ላከልኝ፤ በላችና ጮኸች። አንዱ ወንድ ፈልጋ ነው አለ፤ በዚህ ዕድሜዋ አፈርኩላት። አንዱ ጂን ታያለች አለ፤ ሐጂ በዚህ አልተስማሙም። ሁሉም በአንድ ድምፅ የተቀበለው የሐጂ ባለቤት ያመጡትን ነው። ይህቺ ድመት የገለምሶ ልጅ ናት አሉ፤ አንቺ በአማርኛ ዝም በይ ትያታለሽ፣ ከየት ይገባታል? እውነትም በዚህ ጊቢ ሰው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እየዘለለ ነውና የሚኖረው፣ ነገሩ ለእኔም ትክክል መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ ራሳቸው መጥተው በኦሮምኛ ያባብሏት ጀመር። «ኮቱ፣ አዱሬ» ይሏታል፣ ነይ ድመቴ እንደማለት ነው። ስትብስባቸው «ጨል ጄዺ» ይሏታል፤ ዝም በይ። እኔም ከኋላቸው እደግማለሁ። ድመቷ ሁለታችንንም አታይም፣ ግድግዳውን እያየች ትጮኻለች። አንዱ እንግዳ የገለምሶ ሰው አነጋገሩ ከኛ ይለያል ብሎ፣ ገለምሶ ካለችበት ከሀብሮ የመጣ ሰው ይፈለግላት አለ። እናቴ በየትኛው ቋንቋ ታናግራት እንደነበር ሲጠይቁኝ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

የፊት ለፊቱን ክፍል የተከራየው ሾፌር ደግሞ በራሱ መንገድ መጣ። ሚኒባስ ይነዳል፤ ሚኤሶ ደርሶ መልስ ነው። ሞባይሉን ከፍቶ የውሻ ጩኸት አሰማት። የጊቢው ዶሮዎች ተበተኑ፤ እሷ ስልኩን አሽትታ ተመልሳ ተኛች። ይህቺ የምትፈራ አይደለችም ብሎ አደነቃትና፣ ሚኤሶ ላይ ዘመዱ የማሽላ መጋዘን እንዳለው፣ መጋዘኑንም አይጥ እንደፈጀው ነገረን። በዚህ አገር ድመት መምታት አይሞከርም፤ ሐጂ ኃጢአቱን ገና ሲያስቡት ይሰቀጥጣቸዋል። ስለዚህ ቅጣቱ ሹመት ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት በካርቶን ሆና ሚኤሶ ትወርዳለች፣ የመጋዘን ኃላፊ ትሆናለች። ሁሉም ሰው ደስ አለው፣ ከእኔ በቀር።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆሜ ለደንበኛ ልብስ እሰጣለሁ። ድመቷ መንገዱ መሐል የተጣለ ማዳበሪያ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ከላይ የጫት መኪና መጣ። የጫት መኪና ለማንም አያዝንም፤ ጫቱ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት። ጥሩምባውን ከላይ ጀምሮ ሳይለቅ ነው የወረደው። ደንበኛዬ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች፣ ፍየሎች አጥር ዘለሉ፣ እኔ ጮህኩ። ድመቷ ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። መኪናው ፍሬን ይዞ፣ አቧራውን አልብሷት፣ ከጭራዋ ስንዝር ያህል ቀርቶት ቆመ። የጫት መኪናው ሾፌር እኔን ሰደበኝ፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ አንበሳ ናት ብሎ ሳቀ። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። አንበሳም ቢሆን ዞር ብሎ ያያል።

አቅፌ ወደ ቤት አስገባኋት። የብረት ድስት ክዳን አንስቼ ከኋላዋ በመቀስ ደበደብኩት። የራሴ ጆሮ ጮኸብኝ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዛጋለች። በስተቀኝ፣ በስተግራ ደገምኩት፤ ያው ነው። ድመቷ አትሰማም። በአማርኛም በኦሮምኛም አትሰማም። መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ፣ ከዚያ ሚኤሶ ትዝ አለኝ። ሚኤሶ የከባድ መኪና አገር ነው፤ ጥሩምባ የማትሰማ ድመት እዚያ አስፋልት ዳር አንድ ቀን አታድርም።

ለጊቢው ሰው ተናገርኩ። የሐጂ ባለቤት አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው፣ ለግድግዳ ነው እንዴ ስናወራ የከረምነው ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ፤ የመንገዱን ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሐጂ በጣም አዘኑ። ሲያዝኑ ግን ፍርዳቸው አይለወጥም። እሷ አትሰማም፣ እኛ ግን እንሰማለን አሉኝ፤ ከአስፋልት የራቀ ቤት እስከ ቅዳሜ ካገኘሁ ለዚያ እንድሰጣት፣ ካላገኘሁ ግን መጋዘኑ እንዳለ። እንዲህ ስትሆን ማን ይቀበላታል? ያን ምሽት እራት አልበላሁም።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለነበር የዩኒፎርም ቁልል ፊቴ ተደርድሯል። እየተናደድኩ ስለምነዳው ክሩ ተበጠሰ። መኪናውን አቁሜ ክሩን ሳሾልክ፣ ከሥር ተኝታ የነበረችው ድመት ጭንቅላቷን አነሳች። ግራ ቀኝ አየችና አፏን ከፈተች፤ ያ የሚጠማዘዘው ጩኸት ወጣ። ደንግጬ ፔዳሉን ረገጥኩት። አፏ ተከደነ። ቆምኩ፤ አፏ ተከፈተ። ነዳሁ፤ አገጯን ፔዳሉ አጠገብ ወለሉ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች።

እናቴ የዚያን ጊዜ ነው ዓይኔ ላይ የመጣችው። ገለምሶ እያለን ድመቷን ስትፈልጋት በተረከዟ ወለሉን ትመታ ነበር፤ ዱብ፣ ዱብ። እኛ ፔዳል ያደነዘዘው እግሯን የምታፍታታ ነበር የሚመስለን። ድመቷ ከየትም ብትሆን መጥታ እግሯ ሥር ትተኛለች፣ እናቴ መንዳት ትጀምራለች። ለካ የተነጋገሩት በወለሉ ነው። እናቴ ታውቅ ነበር፤ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ለማንም አልተናገረችም። እኔ ደግሞ መኪናውን በየቀኑ እነዳለሁ፣ ልክ ሐጂ ሲቀመጡ አቆምና እወጣለሁ። ድመቷ ከእንቅልፏ ስትነቃ ወለሉ ዝም ብሏል፣ ሰው የለም። ጊቢውን ያስጮኸችው እንግዲህ የጊቢው ሕግ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ።

ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። «ሐጂ፣ ዛሬ በበርጫ ሰዓት መኪናዬን ልንዳ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው። እንዳላበድኩ ለማረጋገጥ ይመስለኛል፣ ረጋ ብለው አዩኝ። «ድመቷ አነሰችና ደግሞ መኪና?» የሚል ነገር ፊታቸው ላይ አለ። ካስቸገርኩዎት ግድግዳውን ይምቱት፣ አቆማለሁ፣ ድመቷም ነገ ያለ አንድ ቃል ትሄዳለች አልኳቸው። ኢንሻአላህ ብለው ገቡ። እሺ ይሁን እምቢ አላወቅሁም፤ እኔ እሺ ብዬ ወሰድኩት።

ዓርብ ስለሆነ ሳሎኑ ሞልቷል። ወሬው ሲደምቅ ሰማሁ፣ ሳቁ ሲከተል ሰማሁ። መንዳት ጀመርኩ። የሐጂ ባለቤት ሥራቸውን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ፤ ሾፌሩ በር ላይ ተቀመጠ፣ ለነገ ያዘጋጀው ካርቶን አጠገቡ ነው። ካርቶኑን ላለማየት ጨርቁ ላይ አቀረቀርኩ። ድመቷ ፔዳሉ ጎን ተዘርግታለች። ቀስ በቀስ ከግድግዳው ወዲያ ወሬው ሳሳ፤ ያ የሚፈራው ጸጥታ መጣ። የእኔ መኪና ብቻ ነው የሚሰማው። ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነው።

ግድግዳው ተመታ።

እግሬ በራሱ ቆመ። የሐጂ ባለቤት ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። ሾፌሩ ተነሳና ካርቶኑን ያዘ። ድመቷ ጭንቅላቷን አነሳች፣ አፏን ከፈተች፣ ጩኸቱ ሳሎኑንም ክፍሌንም ሞላው። አበቃ አልኩ በልቤ፤ እንደዚያን ጊዜ ተሸንፌ አላውቅም። ከዚያ የሐጂ ድምፅ ግድግዳውን ሰንጥቆ መጣ።

«ማን አቁሚ አለሽ? ንጂው እንጂ!»

ለካ አንድ እንግዳ ትራሱን ሲያመቻች ግድግዳውን በክርኑ መትቶት ነው። ነዳሁት። እንዲህ ነድቼው አላውቅም፤ ዩኒፎርሙ አልቆብኝ ቁራጭ ጨርቅ ከቁራጭ ጨርቅ ጋር ሰፋሁ። ድመቷ እስከ መግሪብ ትንፍሽ አላለችም። ሐጂ ለሶላት ሲወጡ በሬ ላይ ቆም ብለው፣ ድምፁ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል፣ እንዲህ ያለ ምርቃና ከመጣልኝ ቆየ አሉ። የተከለከልኩትን ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መረቁልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሾፌሩ ባዶ እጁን ወደ ሚኤሶ ሄደ፤ ካርቶኑን ለእሷ ትቶላት ነበር፣ ገብታ ተኛችበት።

አሁን በዚህ ጊቢ ትእዛዙ ተገልብጧል። ድመቷን ስፈልጋት እኔም እንደ እናቴ ወለሉን በተረከዜ እመታለሁ፤ ጊቢው ሁሉ ይህን ለምዶታል። ደንበኛ ላናግር ትንሽ ከቆምኩ ከድመቷ በፊት ሐጂ ያጉረመርማሉ። እኔም እንደ ልቤ እመልሳለሁ፤ ተከራይ እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም።

በቀደም ጨርቅ ልገዛ ሂርና ሄጄ፣ መንገዱ ተጨናንቆ ስመለስ በርጫው ተጀምሯል። ቁልፌን ለሐጂ ባለቤት ትቼላቸው ነበር፣ ድመቷን አደራ ብዬ። የጊቢውን በር ስከፍት የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል። በሬ ተከፍቷል። ወንበሬ ላይ የተቀመጡት ሐጂ ራሳቸው ናቸው፤ ጉንጫቸው በጫት ተወጥሯል፣ ክር የሌለበትን መኪና ረጋ ብለው ይነዳሉ። ሳያዩኝ እግራቸውን አነሱና ወለሉን በተረከዛቸው መቱት፤ ዱብ፣ ዱብ። ድመቷ ከካርቶኗ ወጥታ እግራቸው ሥር ተኛች። ገለምሶ፣ እናቴ ቤት የገባሁ መስሎኝ በሩ ላይ ቆምኩ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ትንሽ አፈሩ፣ እንግዶቹ ናቸው የላኩኝ አሉኝ። አይነሱ፣ ይንዱት አልኳቸውና ጨርቄን አስቀምጬ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።