የራዶይካ መቶ ስድስተኛ ቀን

ራዶይካና ዢቫና ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ አንድም ሌሊት ግን አብረው አላደሩም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። የሚገናኙት በዓመት አራት ጊዜ፣ ትሪየስቴ በምትባለው የጣሊያን ከተማ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ ከሰርቢያ የመጣው አውቶቡስ ሰው አራግፎ ሌላ ጭኖ እስኪመለስ ባለችው ግማሽ ሰዓት ነበር። ቁልፍ ይቀባበላሉ፤ ከዚያ የምትሄደዋ ለምትገባዋ ቆመው ሳሉ ሁሉንም ትነግራታለች።

"የአሮጊቷ የዓይን ጠብታ ተቀይሯል። ቀዩን ክኒን ወደ ማታ አዙሬዋለሁ። ሾርባዋ ላይ ጨው እንዳትጨምሪ፣ ብትለምንሽም ብታለቅስም።"

"እሺ። ባልሽን ገበያ አግኝቼው ነበር፤ ወገቤን ወገቤን ይላል እንጂ ሁለት ጆንያ ድንች ተሸክሞ ነው ያየሁት።"

ይሳሳቃሉ፤ ሾፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል፤ በቃ።

ሕጉ ነበር እንዲህ ያደረጋቸው። የሰርቢያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ ጣሊያንን ጨምሮ እንደ አንድ ድንበር ወደሚቆጠሩት የአውሮፓ አገሮች፣ ወደ ሼንገን፣ ያለ ቪዛ ይገባል፤ ነገር ግን በየትኛውም መቶ ሰማንያ ቀን ውስጥ ከዘጠና ቀን በላይ መቆየት አይችልም። የገባበት ቀን ይቆጠራል፤ የወጣበትም ይቆጠራል። መሥራት ደግሞ ከነጭራሹ አይፈቀድም። ስለዚህ ኬላ ላይ "ለምን መጡ?" ሲባሉ ሁለቱም "ለጉብኝት" ይላሉ። ሻንጣዋ ውስጥ ሽርጥና የጉልበት ቅባት የያዘች የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ትሪየስቴን ስትጎበኝ ሰባት ዓመቷ ነው። ፖሊሱ ያውቃል፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች።

ራዶይካ ሰርቢያ ውስጥ፣ ፔትሮቫትስ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ነው የምትኖረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ባዶ እጇን ቀረች። ዢቫና ከወንዙ ማዶ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ቤቷ፤ ባሏ ከሞተባት ቆይቷል፤ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ስታገላብጥ፣ አንሶላ ስትቀይር የኖረች፣ ምላሷም እጇም ፈጣን ሴት ናት። ቀኑን ለሁለቱም የምትቆጥረው እሷ ነበረች። ትንሽ ባለ ካሬ ደብተር አላት፤ የራዶይካን ቀን በእርሳስ፣ የራሷን በእስክሪብቶ ታሰምራለች። ራዶይካ መቁጠሩን ሞክራው ታውቃለች፤ ሠላሳ አንድ ቀን ባላቸው ወራት ላይ ሁልጊዜ ትሳሳታለች።

የሚያስታምሟት ጣሊያናዊት አሮጊት፣ ሲኞራ (ወይዘሮ) ኤርሲሊያ፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። በጉልምስናዋ ዘመን ባርኔጣ ትሸጥ ነበር። ለሲኞራ ሁለት ሴቶች የሉም፤ አንዲት ዢቫና የምትባል ሴት አለች፣ እሷም በየሦስት ወሩ ትለዋወጣለች።

"ደግሞ ወፈርሽ?" ትላታለች ራዶይካ በገባች ቁጥር። "ፀጉርሽንስ ምን አደረግሽው? የቀድሞው ይሻልሽ ነበር።"

"እቀይረዋለሁ ሲኞራ" ትላለች ራዶይካ። ለሰባት ዓመት ዢቫና ተብላ ስትጠራ አቤት ብላለች።

በዚያ ዓመት ራዶይካ ዲሴምበር ሁለት ቀን ገባች። ዢቫና ማርች አንድ መጥታ መቀየር ነበረባት። ቀኑ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ስልክ ደወለች።

"ራዶ፣ ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር አለ አሉኝ። ቤልግሬድ ሊያወጡልኝ ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ ያዢልኝ።"

"ቀኑስ?"

"ሁለት ሳምንት ነው አልኩሽ እኮ። ምንም አይልም።"

በዚያው ሰሞን ሲኞራን የሳንባ ምች ያዛት። ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል ቢወስዷት እንደማትመለስ ተናግሮ፣ መድኃኒት በመርፌ አዝዞላት ሄደ። ራዶይካ ትራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገች፣ ጀርባዋን በመዳፏ እየመታች፣ አክታዋን በጨርቅ እየተቀበለች ሰነበተች። እሁድ እሁድ ብቅ የሚለው የሲኞራ ልጅ ፉሪዮ፣ ራሱም ስልሳውን ያለፈ ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ ኮቱን ሳያወልቅ እናቱን አያት።

"ቀኔ አልቋል፣ ፉሪዮ" አለችው ራዶይካ።

"ማን ይቆጥራል ብለሽ ነው? ማህተሙን ገልጠው እንኳ አያዩትም። አሁን ጥለሻት ብትሄጂ ማንን አመጣላታለሁ?"

ራዶይካ የተናደደችው በእሱ ሳይሆን "ምንም አይልም" ባለቻት በዢቫና ነበር። መንገድ ላይ ፖሊስ ባየች ቁጥር ወደ ዳቦ ቤቱ ታጥፋለች፤ ሦስት ጊዜ የማትፈልገውን ዳቦ ገዝታ ተመልሳለች። ሲኞራ ትኩሳቱ ሲለቃት የመጀመሪያ ነገሯ ጨው መጠየቅ ነበር። ዢቫና ግን አልመጣችም፤ "ሐኪሙ ትንሽ ቆዪ አለኝ" አለች በስልክ። በመጨረሻ ፉሪዮ አንዲት ሮማኒያዊት አገኘ። የሮማኒያ ሰው የአውሮፓ ሕብረት ውስጥ ስለሆነ ቀን አይቆጠርበትም። ራዶይካ ስለ ክኒኑና ስለ ጠብታው ነገረቻት፤ ሴትየዋ በወረቀት ጻፈች። ማርች አሥራ ሰባት ጠዋት ሲኞራ ተኝታ ነበር፤ ሳትቀሰቅሳት ወጣች።

ክሮኤሺያ ያኔ ገና ሼንገን አልገባችም፤ ስለዚህ መውጫው ማህተም ስሎቬንያ ዳርቻ ላይ ነው የሚመታው። እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ በመስኮቱ ፊት ተሰለፈ። ፖሊሱ ፀጉሩ ሽበት የጀመረው ሰው ነው፤ በእነሱው ቋንቋ አናገራት።

"መቼ ገቡ?"

"ማህተሙ ላይ አለ።"

"እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።"

"ዲሴምበር ሁለት።"

ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እያንቀሳቀሰ ቆጠረ፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ቆጠረ። "መቶ ስድስት" አለ፣ ክፋትም ቁጣም በሌለው ድምፅ።

"ሰው ታሞብኝ ነው።"

"ማን?"

ቀጣሪዬ ብትል ሌላ ጥፋት ይመጣባታል። "ወዳጄ።"

"ስሟ ማን ይባላል?"

"ዢቫና" አለች፤ ከአፏ እንዴት እንደወጣ እሷም አላወቀችም።

"ቀኑ ሳያልቅ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው፣ በሐኪም ወረቀት ማራዘሚያ ቢጠይቁ ኖሮ ይታይልዎ ነበር። አሁን እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።"

ወደ ውስጥ አስገቧት። አራት ገጽ ወረቀት ሰጧት፤ ቅጣት ከፈለች፤ አንድ ዓመት ሼንገን እንዳትገባ የሚል ቦታ ላይ ፈረመች። ውጭ መንገደኛው ብርድ እየመታው ያጉረመርማል።

"ምን ሰርቃ ነው ሴትየዋ?" አለ አንዱ።

"ቀን ነዋ!" አለ ሾፌሩ። "አሥራ ስድስት ቀን ሰርቃ።" አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ስትገባ ግን ሾፌሩ "እናቴ፣ ፊት ተቀመጪ፣ እዚህ ይሞቃል" አላት።

ባሏ ቦሪሳቭ ወረቀቱን መነጽሩን አድርጎ አገላበጠው። ማንበብ ስላልቻለ አጠፈው። "እንግዲህ አንድ ዓመት እኔን እያየሽ እንድትኖሪ ተፈረደብሽ" አለ። እሷ አልሳቀችም። እሱም ወጥቶ እንጨት ፈለጠ።

ራዶይካ ዢቫና ቤት የሄደችው በሦስተኛው ቀን ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ደጇን ረግጣ አታውቅም፤ አንዷ አገር ቤት ስትሆን ሌላዋ ሁልጊዜ ትሪየስቴ ናት። የዢቫና ልጅ ኔናድ በሩን ከፈተላት። ዢቫና ሶፋ ላይ ነበረች፣ ከቀድሞዋ ግማሽ በታች ሆና ከስታ። ራዶይካ ገና ስታያት የሐሞት ጠጠር እንዳልሆነ ገባት።

"ጉበቴ ነው" አለች ዢቫና። "ከፍተው አይተው መልሰው ሰፉኝ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ጃንዋሪ።"

ራዶይካ ኮቷን እንደለበሰች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ ባለ ካሬው ደብተር አለ። ሳትጠይቅ ገለጠችው። ከማርች አንድ በኋላ ያሉት ካሬዎች እስከ አሥራ ሰባት ድረስ አንድም ሳይዘለል በእርሳስ ተሰምረዋል።

"ትቆጥሪ ነበር?"

"በየቀኑ።"

"አንድ ቀን እንኳ 'ውጪ' አላልሽኝም!"

"ብትወጪ ፉሪዮ ሌላ ይቀጥራል። ድኜ ስመለስ ቦታዬ እንዲቆየኝ ነው።" ዢቫና ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። "የምድን መስሎኝ ነበር፣ ራዶ። ሐኪሞቹ አትድኚም ቢሉኝም መስሎኝ ነበር።"

ራዶይካ ተነሥታ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም። በአውቶቡስ ሳትሳፈር ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ተመለሰች፤ እየሄደች ጮክ ብላ እየተሳደበች፣ አጥር የሚጠግኑ ሰዎች ቀና ብለው እስኪያዩዋት ድረስ።

ሦስት ሳምንት አልሄደችም። ከዚያ ገበያ ላይ ኔናድን አገኘችው፤ እናቱን እንዴት እንደሚያጥባት እንደማያውቅ፣ እሷም እንዳይነካት እንደምትጮህበት ዓይኑን ሰብሮ ነገራት። በማግስቱ ራዶይካ ሽርጧን በላስቲክ ጠቅልላ፣ የባቄላ ሾርባ በድስት ይዛ ሄደች።

"ማን ጠራሽ?" አለች ዢቫና።

"ዝም በይና እጅሽን አንሺ።"

ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገሩም፤ ራዶይካ ይቅርታ አላደረገችላትም፤ ዢቫናም አልጠየቀቻትም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ኋላም በየቀኑ እየሄደች አጠበቻት፣ አገላበጠቻት፣ ጀርባዋን ቀባቻት። ዢቫና ሙያው የራሷ ስለሆነ አትታገሥም፤ "አንሶላውን እንዲህ ነው እንዴ የሚስቡት? ሲኞራን በዚህ አያያዝሽ ነው ስታስታምሚያት የኖርሽው?" ትላታለች። የሚያወሩት ስለ ትሪየስቴው ቤት ብቻ ነበር፤ ሌላ የጋራ ነገር የላቸውም። የማይዘጋው የመታጠቢያ ቤት መስኮት። ሲኞራ ከትራሷ ስር የምትደብቀው ብስኩት።

ኦገስት ላይ ፉሪዮ መልእክት ላከ፤ እናቱ በእንቅልፏ እንዳለች አርፋለች። ራዶይካ ነገረቻት። "በስተመጨረሻ ማንን ጠራች?" አለች ዢቫና።

"አላለም።"

"ብትጠራ የኔን ስም ነው የምትጠራው" አለች ዢቫና። ፈገግ ለማለት ሞክራ ነበር።

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ በረዶው እስከ ጉልበት በደረሰበት ሳምንት ዢቫና ሞተች። ገንዛ ያለበሰቻት ራዶይካ ናት። አርባዋ የወጣው የራዶይካ እግድ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። መቃብሩ ላይ ሻማ አበሩ፤ የተቀቀለ ስንዴ በስኳር ቀመሱ፤ ቄሱ ወይን አፈሰሰ። ኔናድ የእናቱን የቤት ጫማ በላስቲክ አድርጎ ሊሰጣት ፈለገ። "አይሆነኝም" አለች፤ ይሆናት ነበር።

"አትሂጂ እንግዲህ" አላት ቦሪሳቭ በዚያ ሳምንት። "በቃሽ።"

"እዚህ ምን አለኝ?" አለችው። እሱም ሻንጣዋን ከአልማሪው ላይ አወረደላት።

በዚህ ጊዜ ምንም ሳታጎድል ይዛ ሄደች፤ የመመለሻ ቲኬት፣ የጤና መድን፣ ትሪየስቴ አቅራቢያ ሞንፋልኮኔ ከተማ ካለ አንድ ቤተሰብ የተጻፈ የግብዣ ደብዳቤ። ኬላ ላይ ሌላ ፖሊስ ነበር፤ ወጣት ሴት። ኮምፒዩተሩ የድሮውን ነገር አወጣባት፤ አርባ ደቂቃ ያህል ጠየቀቻት። ማንን ነው የሚጎበኙት፣ የት ያድራሉ፣ ለምን ዘጠና ቀን ሙሉ፣ ቤት ውስጥ ማን ይጠብቅዎታል። ራዶይካ ሁሉንም በቀስታ መለሰች። ልጅቷ በመጨረሻ ማህተሙን መታችው።

ትሪየስቴ ላይ አውቶቡስ እስክትቀይር ሁለት ሰዓት ነበራት። ወደ ሲኞራ ቤት ወጣች። በሩ አጠገብ ካሉት የደወል ስሞች ውስጥ የሲኞራ ተነሥቶ የማታውቀው ስም ገብቷል። ሦስተኛው ፎቅ መስኮት ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። ትንሽ ቆማ አየችና ቁልቁለቱን ወረደች።

ሞንፋልኮኔ ውስጥ አሁን የምታስታምመው፣ ጆሮው የከበደ፣ ዘመኑን ሁሉ መርከብ ሲሠራ የኖረ ሽማግሌ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ጠበቃት።

"ስምሽ ማነው?" አላት።

"ራዶይካ።"

አልሰማትም። ሻንጣዋን አስቀምጣ ቀረብ አለችና፣ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ፣ ደግማ ነገረችው።