አንድ ጥንድ የብረት ጥርስ

የቤቴን ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዬን ስነቀንቅ ያ የብረት መንቃጨል ይሰማኝና እጄ ባለበት ይቆማል። ወዲያው ሬክስዴል የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርትማችን፣ የአባዬ ያረጀ መኪና፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ተራራ ተከታትለው ይመጣሉ።

እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ መጦሪያ ቤት ሺፍት ስለነበራት፣ አባዬ እኔን ይዞ ተራራ ይወጣ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጦ ስለሚውል እግሩ የሚፈታው ያን ቀን ብቻ ነበር። «ይሄን ነው ተራራ የሚሉት? እኛ ጋ ይሄ የሰው ደጃፍ ነው» እያለ ከፊቴ ይፈጥናል፣ እኔ እየተነጫነጭኩ እከተለዋለሁ።

በኅዳር በረዶው ስስ ነበር፣ በጥር እስከ ጉልበቴ ይውጠኝ ነበር። ክፉው የዊንተሩ ማብቂያ ነው። ጠዋት እንደ ድንጋይ የጠጠረው መንገድ ቀትር ላይ ይላላና ከላይ ውሃ፣ ከታች መስታወት ይሆናል። ለዚያ ብሎ አባዬ ጫማ ላይ የሚጠለቅ፣ ሹል ጥርስ ያለው ሰንሰለት ገዝቶ ነበር፣ አንድ ጥንድ ብቻ። «ሁለት እግር ባንዴ አይንሸራተትም» ብሎ አንዱን በእኔ ቀኝ እግር፣ አንዱን በራሱ ያጠልቅና «በይ፣ አሁን ሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው ነን» ይል ነበር።

ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመጋቢት የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ አባዬ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ በዓርብ ሄድን። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ቅዳሜ ቢሆን ጠዋት በልተን ከቀትር በፊት እንወርዳለን፤ በዓርብ ግን አባዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምስም፣ ዳቦውን ተራራው አናት ላይ ሳይቆርስም አይወርድም። ስንወጣ የክፍሌ ልጆች በሁለቱም እግራቸው አጥልቀው አለፉን፣ አንዷ እግሬን አይታ ሳቀች። አፈርኩ፣ በቃ። አባዬ ዞር ሲል አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ወተፍኩት።

ጾሙን ፈትቶ መውረድ ስንጀምር መንገዱ ሌላ ሆኖ ጠበቀን። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ በቂጤ ቁጭ አልኩ።

«ጥርስሽስ?»

«ጠፋብኝ።»

«የት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አባዬ! ጠፋ አልኩህ እኮ!»

አልተቆጣም። ተንበርክኮ የራሱን ፈታና እግሬ ላይ አጠለቀልኝ። «እኔ ገደል ላይ ያደግሁ ነኝ፣ አታስቢ» አለ። «ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ አለ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ጥቂት እንደወረድን፣ ዛፍ ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ሁለቱም እግሮቹ ባንዴ ከዱት፣ ጉልበቱም ቋ ሲል ሰማሁ። ሰው ልጠራ ወደ ፓርኪንጉ ስሮጥ ብረቱ ጀርባዬ ላይ ይንቃጨል ነበር።

አባዬ ፎርክሊፍቱ ላይ አልተመለሰም። በረዶው ቀለጠ፣ በጋ መጣ፣ እሱ በምርኩዝ ከሶፋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ሶፋ ሆነ። የት እንደጣልኩት አንድም ቀን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣለሁ፣ ብቻዬን። ባለፈው ሳምንት ከእነእማዬ ቤት ስወጣ አባዬ ፊቱን ከመስኮቱ ሳያዞር «በረዶው ላልቷል፣ ሳይረፍድ ውረጂ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶም «ብረቱን ደግሞ ቦርሳሽ ውስጥ እንዳትይዥው» አለ።

በሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለካ ያን ቀን ሰምቶታል።

ያኔ በአንድ አንድ ብረት ሁለታችንም እንወጣ ነበር። ዛሬ ያው አሮጌ ጥንድ ሙሉውን የእኔ ነው።