ወደ አንኮበር የሄደው የድንበር ድንጋይ

ከጫጫ መነሻ

ጎረቤቴ አያ ወልዴ ከታላቅ ወንድሙ ሊታረቅ ወደ አንኮበር ሲነሳ አብረኸኝ ሂድ ብሎ ለመነኝ። እምቢ ማለት አልሆነልኝም። እኛ ካቶሊኮች በዚህ አገር በጣት የምንቆጠር ነን። ቄሳችን፣ አባታችን፣ ከአገር ውጡ ተብለው ከተሰደዱ ወዲህ ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ የማስተምረው እኔ ስለሆንኩ፣ የሰው ጭንቀት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሙ ገብሬ ዘመቻ በሄደበት ወራት ወልዴ የአባታቸውን እርሻ ድንበር ገፋ። ገብሬ ተመልሶ ቢከሰው፣ ወልዴ በሽማግሌዎች ፊት “ድንጋዩ ከቦታው አልተነቃነቀም” ብሎ ማለ። ገብሬ ዋሾ ተባለና መሬቱን ጥሎ አንኮበር ገባ። በኋላ ወልዴ ለአባታችን ሲናዘዝ፣ “ድንበሩን መልስ፣ ወንድምህን ታረቅ፤ ከዚያ ና፣ ከኃጢአትህ እፈታሃለሁ” አሉት። ዛሬ ነገ ሲል እርሳቸው ሄዱ። አሁን ክፉ ሳል ይዞታል፤ ሳይታረቅና ሳይፈታ እንዳይሞት ይፈራል።

ጠዋት ደጁ ስደርስ አህያው ላይ ድንጋይ ሲጭን አገኘሁት። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ፊት ይወድቃል። ድንጋዩ ግን እዚያው ከደጃፍ ይነሳል እንጂ ከቤት ተጭኖ አይሄድም።

“ምንድን ነው ይሄ፣ አያ ወልዴ?”

“ድንበሩ ነው። የነቀልኩት እሱን፣ የምሸከመውም እሱን።”

ድንበር የነቀለ ርጉም እንደሆነ እያወቀ፣ ለዕርቅ ብሎ ደግሞ ሁለተኛ ነቀለው! ተናደድኩ። ነገር ግን ፊቱን ሳየው የአህያውን ገመድ ይዤ መራሁ።

ደብረ ብርሃን

መንገዱ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው። ነፋሱ ፊት ይልጣል፤ አያ ወልዴም ትንሽ ሄዶ ይቆማል፣ ይስላል። ደብረ ብርሃን ገበያ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ልገዛለት ብጠይቅ ሻጭዋ የጠራችው ዋጋ አስደነገጠኝ፤ በሁለት አሞሌ ጨው የበግ ለምድ ገዛሁለት። እዚያው አንድ ዘመድ ቤት አደርን። የቤቱ ሰዎች አህያውን ሲያራግፉ ድንጋዩን አይተው እርስ በርስ ተያዩ፤ ጨዋ ስለሆኑ አልጠየቁንም።

አንኮበር

ከደብረ ብርሃን ወዲያ ሜዳው ሰፊ ነው። በሶ በጥብጠን ጠጣንና ተጓዝን። ገደሉ አፍ ስንደርስ ጉም ዋጠን፤ ከጅብራ ዛፎቹ በቀር የሚታይ አልነበረም። ከአልዩ አምባ ጨው ይዞ የሚወጣ ነጋዴ “አላህ ያቅናችሁ፣ ቁልቁለቱ ያዳልጣል” ብሎን አለፈ።

ኬላ ላይ ጠባቂው ጭነቱን ገለጠ፣ ዙሪያውን ዳበሰ፣ ከዚያ ቀና አለ።

“እናንተ ሰዎች፣ አንኮበር ድንጋይ አልቆባት ነው?”

በኬላው ያለ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አያ ወልዴ ብቻ አልሳቀም።

ለሽምግልና የደብሩን ቄስ መምሬ ተክሌን ለመንኳቸው። ካቶሊክ መሆናችንን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። “ቢሆንም የአንድ እናት ልጆች ናቸው” ብለው መቋሚያቸውን አነሱ።

የገብሬ ደጅ ስንደርስ አያ ወልዴ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አሸክሙኝ አለ። ጎንበስ ብሎ፣ እየሳለ ገባ፤ መሬት ላይ ተንበረከከ። ገብሬ ከመደቡ ተነስቶ ቆመ። ድንጋዩን አየው። ቀረብ ብሎ በላዩ ያለውን የማረሻ ጭረት በጣቱ ነካው።

“ይሄ የአባባ ድንበር አይደለም?”

“እሱ ነው፣ ወንድሜ። እኔ ነኝ ያነቃነቅሁት። በሐሰት ምዬ ዋሾ አሰኘሁህ።”

መምሬ ተክሌ ደነገጡ። “ድንበር ነቅለህ ዕርቅ ትለምናለህ? ይሄ ምን ዓይነት ጉድ ነው!”

እኔ ጸሎት ጀመርኩ። በመጨረሻ ገብሬ፣

“እንግዲያ መሬቴ እስከ አንኮበር ደርሷል በለኛ!” አለና ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። በሁለት እጁ ድንጋዩን ከወንድሙ ማጅራት አነሳ። “ይቅር ለእግዚአብሔር። ተነስ። መሬቱን አይደለም የፈለግሁት፤ ዋሾ አይደለህም የሚለኝ ሰው ነበር ያጣሁት።”

በአንድ ገበታ በላን። መምሬ ተክሌም ባርከው አብረውን ቆረሱ።

መልስ

ገብሬ አብሮን ተመለሰ። ወንድሙን አህያው ላይ አስቀመጠና ድንጋዩን ግን በራሱ ትከሻ አድርጎ ዳገቱን ወጣ። ላግዝህ ብዬ ብለምነውም አልሰጠኝም።

ጫጫ ስንደርስ ያኔ የፈረዱት ሽማግሌዎች ተጠሩ። አያ ወልዴ በፊታቸው “ዋሾው እኔ ነበርኩ” አለ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ድንጋዩን በዱሮው ቦታ ተከሉት። እስካሁን ለልጆቹ ከእግዚአብሔር መታረቅ በቄስ ፊት እንደሚያልቅ አድርጌ አስተምር ነበር። ከእንግዲህ ግማሹ መንገድ ወደ ወንድም ደጅ መሆኑን እነግራቸዋለሁ።

ስንለያይ አያ ወልዴ እጄን ያዘ።

“ከኃጢአት መፈታቱስ? አንተ ልትሰጠኝ አትችልም?”

“አልችልም፣ አያ ወልዴ። ቄስ አይደለሁም።” ይህን ስናገር ልቤ ተሰበረ።

ገብሬ በማዶ አፈሩን በእግሩ እየጠቀጠቀ ነበር።

“እንግዲያው አባታችን የተመለሱ ቀን እኔ ባልኖር” አለኝ አያ ወልዴ፣ “እዚህ ድረስ አምጣቸውና ድንበሩን አሳይልኝ።”