በሕፃን አንገት ልክ

መርሳ ላይ ሮማንን የማያውቅ እህል ነጋዴ የለም። በፈንታው እህል ቤት በር ተቀምጣ የጆንያ አፍ ትሰፋለች። እሷ በሲባጎ የዘጋችው ጆንያ ደሴ ደርሶ እስኪራገፍ አንዲት ፍሬ አያፈስም ይሉላታል። ሲያመሰግኗት መርፌዋን ታያለች እንጂ ቀና አትልም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሮማን ትንሽ ልጅ ነበረች። እናቷ አዝላ ወልድያ ዳር ከነበረው መጠለያ አደረሰቻት፤ እዚያ አንዲት የውጭ አገር የሚሲዮን ነርስ በቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ወተት እያጠጣች አተረፈቻት። የነርሷን ስም አልያዘችም። የያዘችው እጇን ነው፤ ነጭ ሆኖ ቀይ ጤፍ የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ጠቃጠቆ የሞላበት እጅ። ካደገች በኋላ አንድ ነገር ይገርማት ጀመር። ሴትዮዋስ እሺ፣ መጣች። ግን ማን ላካት? በዚያ በማታውቀው አገር ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ለሮማን ብሎ ከቤቱ ምን አንሥቶ ሰጠ? ይህን ስታስብ የመቅደሱ መጋረጃ ሲገለጥ እንደምትሆነው ትሆናለች፤ ዝም።

ካቻምና አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ እንዲህ አለ፦ «በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የርዳታ ጉባኤ አለ። ሁላችሁም ዕቃ ይዛችሁ ኑ።»

ከጦርነቱ ወዲህ መርሳ ላይ ርዳታ ሲባል ሰው የሚፈልገው መቀበያ ዕቃ ነው። ሮማንም ንጹሕ ጆንያ መርጣ አራገፈች፤ አጣጥፋ በነጠላዋ ሥር ያዘችና ሄደች። ከቅዳሴ በኋላ ስትሰለፍ ግን ከፊቷ ያለው ሰው ሁሉ እጁ ሙሉ ነው። አንዱ ሳሙና፣ አንዷ አዲስ አንሶላ፣ ሌላዋ የልጅ ልብስ።

ከኋላዋ የነበረው ሹፌሩ ሀብታሙ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። «እትዬ ሮማን፣ ባዶ ጆንያ ነው እንዴ የሚልኩላቸው?»

«ለማን ነው የምልከው?»

«ለደቡብ ሱዳን ሰዎች ነዋ! ጎርፍ ቤታቸውን ለወሰደባቸው። ሰጪዎቹ እኛ ነን ዛሬ።»

«ዕቃ ይዛችሁ ኑ አላሉም?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሮማን መሬት ብትከፈት በወደደች። ከፊት ቆመው ዕቃውን የሚቀበሉት አባ ገሪማ ነበሩ። የቆቦ ሰው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ወደዚያ አገር ልካቸው ያጠምቃሉ፣ የተፈናቀለውንም ያበላሉ። እጃቸውን ዘርግተው ጆንያውን ተቀበሏት።

«ምን ያስቃችኋል? ይህን ሁሉ በምን ልጭነው ኖሯል? አፉን የሚሰፋልኝ ነው እንጂ የቸገረኝ።»

«እኔ እሰፋዋለሁ አባቴ» አለች ሮማን፣ ለመሬቱ የምትነግር ይመስል።

ጆንያውን ስትሰፋ አጠገቧ ቆመው አወጓት። ሰዉ ይጠመቃል፤ አንገቱ ላይ የሚያስሩለት ማተብ ግን አልቆባቸው የልብስ ጠርዝ እየቀደዱ ነው የሚያስሩት። ሮማን መርፌዋን አቆመች። ሰው ክርስትና ተነሥቶ ያለ ማተብ?

«እሱን እኔ እገምድልዎታለሁ።»

ጥቁር የጥጥ ክር ገዛች። ክሩን በአንድ ጫፍ ይዛ የምታከርላት ጎረቤቷ ነሲባ ነበረች።

«የእናንተን ማተብ እየገመድኩ ጀነት ልታስገቢኝ ነው?» ትላለች ነሲባ።

«ዝም ብለሽ ያዢ፤ ላላ።»

ልኩን ለማግኘት ፌቨን የምትባል ጎረቤታቸው ዘንድ ሄደች፤ የፌቨን ልጅ ክርስትና የተነሣችው በዚያው ሰሞን ነው። ሮማን ክሩን በሕፃኗ ለስላሳ አንገት አዙራ፣ ጣቷን አስገብታ፣ ትንሽ ለቀቅ አድርጋ ቆረጠች። ሌላውንም ሁሉ በዚያ ልክ። ማተቡ ተጠቅልሎ ለአባ ገሪማ ተላከላቸው።

ክረምቱ አልፎ አንድ ቀን ሀብታሙ መኪናውን እህል ቤቱ በር ላይ አቁሞ ብቅ አለ።

«አባ ገሪማ ደውለው ነበር። እትዬ ሮማን፣ ማተብዎ ጠበበ!»

«እንዴት ይጠባል? በልኩ ነው የቆረጥኩት።»

«በማን ልክ?»

«በፌቨን ልጅ።»

ሀብታሙ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «እዚያ እኮ የሚጠመቀው ሽማግሌው ነው! ቁመታቸውም የመብራት እንጨት ነው አሉ!»

ሮማን እንደዚያ አስባ አታውቅም ነበር። እሷ የምታውቀው ጥምቀት የሕፃን ነው። ያን ዕለት ጆንያ ስትሰፋ ጣቷን ወጋች። ማታ ለነሲባ «እኔ ድሮም የማውቀው መቀበል ነው» አለቻት። «መላክ አይሆንልኝም።» ከዚያ ወዲህ አባ ገሪማ መጡ ሲባል ከሕዝቡ ኋላ መቆም ጀመረች።

እሳቸው ግን በጥር ሲመጡ እህል ቤቱ ድረስ መጥተው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ተደብቀሽኛል አሉ።»

«አፍሬ ነው አባቴ። ያን ሁሉ ክር አበላሸሁ።»

ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ከፍተው ሰጧት። ከሾላ ዛፍ ሥር ረጃጅም ሰዎች ቆመዋል፤ አዛውንት፣ ጎልማሳ፣ ሴቶች። ሮማን ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። በእያንዳንዱ አንገት ላይ የእሷ ማተብ አለ። ሁለት ሁለቱን ቀጥለው አስረውታል፤ ጉሮሮአቸው ላይ ትንሽ ቋጠሮ ይታያል።

«ሲጠባቸው ቀጠሉት» አሉ አባ ገሪማ። «አሁን አንዱ የእኛ፣ አንዱ የዚያች የላከችልን ሴት ነው ይላሉ። ይቺ ዳር የቆመችው አሮጊት ‹ያቺ ሴት ማን ናት? እጇ ምን ይመስላል?› ብላ አስጨንቃኛለች። አላውቀውም አልኳት። እስቲ አሳዪኝ።»

ሮማን ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። ሲባጎ የቦረቦረው፣ አውራ ጣቱ ላይ የመርፌ ጠባሳ ያለበት ጥቁር እጅ። የራሷን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። የወተቱን ኩባያ የያዘው፣ ጤፍ የተነሰነሰበት እጅ ትዝ አላት። ፈንታው ሚዛኑን ትቶ ቆሞ ያይ ነበር።

«እንግዲህ ረዘም አድርጌ ልግመድላቸው?» አለች።

«እንዳታደርጊው። ቋጠሮው እንዳይቀርብን ብለዋል።»

በማግስቱ ክሯን ይዛ ፌቨን ቤት ሄደች። ልጅቱ ግን እየዳኸች ነው፤ ወፍራ አንገቷ ጠፍቷል። ሮማን ክሩን መልሳ ጠቀለለችና በመንደሩ አራስ ያለበትን ቤት ትጠይቅ ጀመር።